ቀዩ መድኃኒትና የተደበቀው ሕመም

ሰው ፀጉር አስተካካይ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ምላሱ ለምን እንደሚፈታ እስካሁን መርምሮ የነገረን የለም። አንገቱ ላይ ጨርቅ ታስሮለት፣ ምላጭ በጉሮሮው አጠገብ እያለፈ፣ የሚስቱን ኩርፊያ፣ የወንድሙን ስካርና የጎረቤቱን ጉድ ይዘረግፈዋል። ይህ ታሪክ በተፈጸመበት ሰፈር ያ ሁሉ ወሬ የሚፈስሰው ወደ አንድ ሰው ጆሮ ነበር። ሰውየው ስድሳን የተሻገሩ፣ ሸንቃጣ፣ ነጭ ጋዋናቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ፀጉር አስተካካይ ናቸው። የሰሙትን መልሰው ስለማያወጡ ሰፈሩ "ጋሽ ቁልፍ" ይላቸዋል፤ እሳቸውም ስሙን እንደ ሹመት ተቀብለውት ይኖራሉ።

ወሬ አለማውጣት ደግ ነገር ነው፤ በዚህ ማንም አይወቅሳቸውም። ነገር ግን ጋሽ ቁልፍ ሰው ስለታመመ ሰው ምን እንደሚል ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሰሙ ኖረው፣ "ከእኔ ቤት እንዲህ ያለ ወሬ አይወጣም" ብለው ለራሳቸው ምለው ነበር። መሐላቸውንም ጠበቁ። መሐላ ሁሉ ሊጠበቅ እንደማይገባ ያወቁት በአንድ ዝናባማ ጠዋት፣ የሰው ፂም ግማሹን ላጭተው ግማሹን ሳይላጩ ነው።

የዚያን ዕለት ሱቃቸውን የከፈቱት ሥራ አምሯቸው አልነበረም፤ ቤት መቀመጥ ስላቃታቸው ነው። ሚስታቸው ከሞተች ቆይታለች። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት። አስተማሪ ናት፤ አግብታ ከሱቁ ትንሽ ራቅ ብሎ ካለ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ጡቷ ላይ ካንሰር ተገኝቶባት በማግስቱ ጠዋት ሕክምና ልትጀምር ነው። ይህን የሚያውቁት አባትየው፣ ባሏና ሐኪሞቿ ብቻ ናቸው። ደንበኛ ሲገባ ጋሽ ቁልፍ እንደ ወትሮው "እንዴት አደርክ" ይላሉ፤ መቀሱም እንደ ወትሮው ይንጫጫል።

ዝናቡ ሲበረታ አንድ ወጣት ጃኬቱን ራሱ ላይ ጥሎ እየሮጠ ገባ። ከዚያ በፊት አይተውት አያውቁም። የሚላጭበት ቦታ ተዘግቶበት፣ ዝናቡም አጣድፎት ያገኘው በር እዚህ ሆኖ ነው።

"ፂሜን ሙልጭ አድርገው ያንሱልኝ አባባ፤ ጭምብሉ ፂም ላይ አልገጥም እያለ አስቸገረኝ" አለ እየተቀመጠ።

"ምን ሥራ ነው ደግሞ ጭምብል የሚያስለብስህ? ቀለም ቀቢ ነህ?"

"የለም፣ መድኃኒት ቀማሚ ነኝ። ትልቁ ሆስፒታል ነው የምሠራው። የካንሰር መድኃኒት ነው የማዘጋጀው።"

ጋሽ ቁልፍ አረፋውን የሚያማስሉበት እጃቸው ቆም አለ። ወዲያው ግን ማማሰላቸውን ቀጠሉ። ስንት ጉድ ሰምተው ፊታቸው ሳይለወጥ የኖሩ ሰው ናቸውና ወጣቱ ምንም አላስተዋለም።

"እና መድኃኒት ለመቀመም ጭምብል ምን ያደርጋል?"

"ጓንት ደርቤ፣ ጭምብል አድርጌ፣ እጄን መስታወት ወዳለው ሳጥን አስገብቼ ነው የምቀምመው። ለጤነኛ ሰው መርዝ ነው። ለታማሚው ግን ልኩ ተጠብቆ ሲሰጠው ሕይወት ነው።" ወጣቱ ተንፈስ አለና ቀጠለ፤ "ልኩን መጠበቅ ደግሞ የኛ ሥራ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ታማሚው ካልተናገረ እኛ ምን እናውቃለን? ስም አልጠራም፣ የማንንም አላወራም፤ ግን ሰዉ ሐኪም ፊት ሲቀርብ እንዴት እንደሚክድ ቢያዩ ይገረማሉ። 'ሌላ መድኃኒት ትወስዳለህ?' ሲባል 'ኧረ በጭራሽ!' ይላል፤ ኪሱ ውስጥ ክኒኑ ይንኳኳል።"

ጋሽ ቁልፍ ሳቁ። አረፋውን በጉንጩ ላይ እየቀቡ፣ "አትፍረድበት ልጄ" አሉ። "አንተ ከመስታወት ጀርባ ነው የምትሠራው። እኔ ከመስታወት ፊት ነኝ። ሰው ስለ ሰው ምን እንደሚል የምሰማው እኔ ነኝ። እዚህ አንተ የተቀመጥክበት ላይ አንድ አባት ተቀምጦ፣ ወንድ ልጁን ሊድርበት ከነበረው ቤት ለምን እንደቀረ አጫወተኝ። 'የልጅቱን እናት ካንሰር ነው የገደላት' አለኝ። በቃ፣ ይኸው ነው! ልጅቱ ጨዋ፣ የተማረች፣ መልክ ከነሙያው ያላት። ይኸው እስካሁን ቤቷ ቁጭ ብላለች።"

"የሰውየው ድንቁርና ነዋ!"

"ድንቁርናው የሱ ነው፤ ፍዳው ግን የልጅቱ። ታዲያ የልጅቱ አባት ቀድሞ አፉን ቢዘጋ ኖሮ ምን ነበረበት? ገመና የሚባል ነገር አለ። ቤት ጣራ ያለው ለዝናብ ብቻ መሰለህ?"

እዚህ ላይ ለጋሽ ቁልፍ ፍርድ መስጠት ይገባል። የሚናገሩት ከሜዳ ያገኙትን አልነበረም። የሰው አፍ ስንቱን ትዳር እንዳፈረሰ ያውቃሉ። የተማሩ ሰዎች አንዳንድ ጊዜ "ግልጽ ሁኑ" ብለው ሲያዙ፣ ግልጽ የሆነውን ሰው ማን እንደሚያስጠልለው አያስቡም። ወጣቱ ግን ያን ያህል ደረቅ አልነበረም፤ ጥቂት አሰበና በትሕትና መለሰ።

"እውነትዎን ነው አባባ፤ ለጎረቤት ይነገር አላልኩም። ከጎረቤት መደበቅ የታማሚው መብት ነው። እኔ የምለው ለሐኪም ይነገር ነው።"

"ሐኪምስ ሰው አይደለም? ነርሷ ጎረቤት የላትም? ጽዳት የምትሠራው እህት የላትም? ወሬ እንደሆነ ክንፍ አለው።"

"የታማሚ ነገር ካወጣን እንጠየቃለን። ከሐኪሙ ክፍል አይወጣም። ግን እንዳይወጣ መጀመሪያ መግባት አለበት። 'በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም' ሲባል ሰምተው የለ?"

"ሰምቻለሁ። ግን ተረት ሁሉ እውነት አይደለም።" ጋሽ ቁልፍ ምላጩን ጨርቁ ላይ ጠረግ አደረጉ። ሰው ሲከራከር ያላሰበውን ይናገራል፤ እሳቸውም እልህ ያዛቸው። "እኔ ደብቆ የዳነ ሰው አውቃለሁ።"

"ማን ነው?"

"አንድ ጎረቤቴ ነው። ሕፃን ልጁ አንገቷ ላይ እብጠት ወጣባት። ካንሰር ነው ተባለ። ምን አደረገ? ለሰፈሩ 'አክስቷ ጋ ሄዳለች' ብሎ ሩቅ ከተማ ወስዶ አሳከማት። ድምፅ የለ፣ ኮሽታ የለ። ዳነች! ዛሬ ትልቅ ሴት ናት፤ ባለ ትዳር ናት። እሷ ራሷ እንኳ አታውቅም።"

ወጣቱ በመስታወቱ ውስጥ ቀና ብሎ አያቸው። "እሷ ራሷ አታውቅም?"

"ሰባት ዓመቷ ነበር እኮ! 'ደም አንሶሽ ነው' ተባለች፣ አመነች። ፀጉሯ መርገፍ ሲጀምር አባትዬው ምላጭ አነሣና ሙልጭ አድርጎ ላጫት፤ ለሷም ለሰዉም 'ቆረቆር ነው' አለ።" ጋሽ ቁልፍ የግራውን ጉንጭ ጨርሰው አገጩን ያዙ። ይህን ብልሃታቸውን ለማንም ተናግረውት ስለማያውቁ፣ በጎረቤት ስም መናገሩ እንኳ ደስ አላቸው። "ማን ይጠረጥራል? ራስ የተላጨ ልጅ በየቤቱ ሞልቷል። እንዲህ ነው ልጄ፣ ገመና መሸፈን!"

ወጣቱ አልሳቀም።

"በምን መድኃኒት እንደታከመች ያውቃሉ?"

"ብዙ ነው። እኔ ስሙን የት አውቀዋለሁ? አንዱ ግን ቀይ ነበር፤ ልክ እንደ ሕፃናት የሳል ሽሮፕ። በደም ሥሯ ነበር የሚሰጣት። ሽንቷ ሁሉ ቀልቶ ደም መስሎኝ ኮሪደሩ ላይ ጮኼ..." አሉና ቆሙ።

"ጮኼ" የሚለው ቃል ከአፋቸው ወጥቶ ሱቁ ውስጥ ቀረ። የጎረቤታቸው ልጅ ብትሆን ኮሪደሩ ላይ የሚጮኹት እሳቸው ምን አግብቷቸው? ወጣቱ ግን ጨዋ ነበርና ያንን ቃል አላነሣባቸውም። የጠየቃቸው ሌላ ነገር ነው።

"ያቺ ልጅ አሁን እንዴት ናት?"

"ደህና ናት። ምነው?"

"እንግዲህ ልንገርዎ። ያ ቀይ መድኃኒት ዶክሶሩቢሲን ይባላል። አንትራሳይክሊን ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው። የመጀመሪያዎቹ የተገኙት አፈር ውስጥ ከሚኖር፣ ዓይን ከማያየው ሕያው ነገር ነው፤ ቅላቱም ከዚያው የመጣ ነው። የካንሰር ሕዋስ ራሱን ሊያባዛ ሲል መሃል ገብቶ ይሰነቀርበታል፤ መባዛት ያቅተውና ይሞታል። ለጡት ካንሰር፣ ለደም ካንሰር፣ አንገት ላይ ለሚወጣው እብጠትም ይሰጣል። ስንቱን ከሞት እንደመለሰ አልነግርዎትም። ፀጉር የሚያረግፈውም የፀጉር ሥር ቶሎ ቶሎ ስለሚባዛ፣ ያንንም አብሮ ስለሚመታው ነው። ፀጉር ግን ተመልሶ ይበቅላል።"

"በቅሏል፤ የሷማ አምሮ ነው የበቀለው" አሉ ጋሽ ቁልፍ።

"ልብ ነው የማይበቅለው።"

ምላጩ ቆመ።

"እንዴት ማለት?"

"መድኃኒቱ የልብን ጡንቻ ይነካል። በእያንዳንዱ መርፌ ጥቂት ጥቂት። የተጎዳ የልብ ጡንቻ ደግሞ እንደ ቆዳ አይተካም። ስለዚህ አንድ ሰው መውሰድ የሚችለው ልክ ተወስኖለታል። የአንድ ሰሞን ልክ አይደለም አባባ፣ የዕድሜ ልክ ነው። በሰባት ዓመቷ የወሰደችው በሰባ ዓመቷም ይደመራል። በልጅነቱ የወሰደ ሰው ልብ ደግሞ ይበልጥ ስስ ነው። ያቺ ሴት አንድ ቀን ሌላ ካንሰር ቢይዛት፣ ሐኪሙ 'ከዚህ በፊት ታክመሽ ታውቂያለሽ?' ይላታል። እሷም ሳትዋሽ 'አላውቅም' ትላለች። ሐኪሙ እንደ አዲስ ሰው ቆጥሮ ሙሉውን ያዝላታል።"

ጋሽ ቁልፍ ምላጩን አስቀመጡ። "ልብ መጀመሪያ ይታይ የለም እንዴ? ታይቶ 'ደህና ነው' ከተባለስ?"

"ያ የሚያሳየው ዛሬ እንዴት እንደሚመታ ነው። ከዚህ በፊት ምን እንደተሸከመ አይናገርም። ወጣት ናት፣ ታሪክ የላትም ከተባለ፣ ትንሽ ደከም ያለ ቢመስል እንኳ 'ለክፉ አይሰጥም' ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ከዚያ ካንሰሩን አሸንፋ፣ በልቧ..." ወጣቱ ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። "ጎረቤትዎን ቢያገኙት ለልጅቱ አሁኑኑ ይንገራት። ጤነኛም ብትሆን ይንገራት።"

"ነገ ጠዋት እናንተው ሆስፒታል ነው የምትጀምረው" አሉ ጋሽ ቁልፍ። ድምፃቸውን እሳቸውም አላወቁትም።

"ማን?"

"ቀዩን ነው የሚሰጧት። እሷው ነገረችኝ። 'አባዬ፣ ቀይ መድኃኒት ነው አሉ፣ ሽንትሽ ቢቀላ አትደንግጪ አሉኝ' አለችኝ። እኔም..." ወንበሩን ደገፍ አሉ። "እኔም 'አይዞሽ' አልኳት። አውቀው ነበር እኮ! ያው መድኃኒት እንደሆነ ገብቶኝ ነበር! አንዴ አድኗታል፣ አሁንም ያድናታል ብዬ ደስ አለኝ።"

"አባባ፣ የጎረቤትዎ ልጅ..."

"የኔ ልጅ ናት።"

ወጣቱ ከነአረፋው ከወንበሩ ተነሣ። ፊቱ ከአረፋው ባልተናነሰ ነጥቷል። እጆቹን ከጨርቁ ሥር አውጥቶ እንደ ሌላ ሰው እጅ አያቸው።

"ነገ ጠዋት ተረኛው እኔ ነኝ" አለ። "ለነገ የታዘዘውን ቀዩን በሙሉ የምቀምመው እኔ ነኝ። በነዚህ እጆቼ ቀምሜ፣ ልኩን ደጋግሜ አረጋግጬ፣ 'ትክክል ነው' ብዬ እልክላት ነበር።"

ሁለቱም ቆመው ተያዩ። አንዱ የዕድሜ ልክ ብልሃቱ በአንድ ጠዋት ወንጀል ሆኖበት፣ ሌላው ሳያውቅ ሊሠራው የነበረው ነገር ታይቶት። ድንጋጤ ሰውን ያሮጣል ይባላል፤ መጀመሪያ ግን ያደርቃል። ጋሽ ቁልፍ እንደ ምንም ነቅተው ጋዋናቸውን አወለቁና፣ ሱቁን ሳይዘጉ፣ ዣንጥላም ሳይይዙ ዝናቡ ውስጥ ገቡ። ወጣቱም አረፋውን በጨርቁ ጠርጎ፣ ግማሽ ፂሙን ይዞ ተከተላቸው።

ልጅቱ በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው የእንግዳውን ፊት ነው። የአንድ ወገን ጉንጩ እንደ ሕፃን ለስልሷል፤ በሌላው ወገን ፂሙ እንዳለ ነው። ለቀናት ስቃ የማታውቀው ሴት ሳቀች።

"አባዬ፣ ምን አድርገኸው ነው? ገንዘቡ ግማሽ ነበር እንዴ?"

ባሏ ከውስጥ ወጣ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ሚስቱን ለማስታመም ፈቃድ ወስዶ ቤት ውሏል። የአማቱ ልብስ ውኃ ሲያንጠፈጥፍ አይቶ ወንበር ሳበላቸው። እሳቸው ግን አልተቀመጡም። መንገድ ላይ ብዙ መግቢያ አዘጋጅተው ነበር፤ አንዱም አልመጣላቸውም።

"ልጄ፣ ትንሽ ሳለሽ ታመሽ ሆስፒታል ተኝተሽ አልነበር?"

"ደም አንሶኝ። አዎ።"

"ደም አንሶሽ አልነበረም። ካንሰር ነበር።"

ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። ባሏን አየችው፤ እሱም አያት። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ተማሪዋን የምትጠይቅ ይመስል፣ "ቆረቆሩስ?" አለች።

"ቆረቆር አልነበረም። መድኃኒቱ ነው ያረገፈው። እኔ ነኝ የላጨሁሽ።"

"ለሐኪሟ እኮ ነግሬያት ነበር!" ድምፅዋ ጣራውን ነካ። "'በልጅነትሽ ምን ታመሽ ነበር?' ስትለኝ፣ 'ደም ማነስና ቆረቆር' ብዬ መለስኩላት! አባዬ፣ አንተ እዚያው አጠገቤ ተቀምጠህ ነበር! ሰምተኸኝ ዝም አልክ!"

ጋሽ ቁልፍ አንገታቸውን ደፉ። እውነት ነበር፤ ተቀምጠው ነበር። ያን ጊዜ ልባቸው ዘሎ፣ አማቻቸውን በዓይናቸው ሰርቀው አይተው፣ 'ዛሬ ከተናገርኩ ትዳሯ ይፈርሳል' ብለው ምራቃቸውን ውጠው ነበር። ወጣቱ ቀማሚ ቀረብ ብሎ፣ በዝግታና በአክብሮት፣ ስለ ቀዩ መድኃኒትና ስለ ልብ የሚያውቀውን ነገራት። እሷ እያዳመጠች ሳታውቀው እጇን ደረቷ ላይ አሳረፈች።

ባልየው ቀማሚው እስኪጨርስ ጠበቀና ወደ አማቱ ዞረ።

"እኔን ፈርተው ነው የደበቁት?"

"አዎ ልጄ። ዓለምን በሙሉ ፈራሁ፤ በኋላ ደግሞ አንተን። 'በሽተኛ ዳረልኝ' ትላለህ ብዬ።"

"እኔ ሥራዬ ሽቦ ነው አባባ" አለ ባልየው። ሊቆጣ ፈልጎ ቁጣው እንቢ ያለው ይመስል ነበር። "ሽቦ ግድግዳ ውስጥ መቀበሩ ደግ ነው፤ ማንም እንዲያየው አይፈለግም። ግን በየት በየት እንዳለፈ ለሚሠራው ሰው ካልተነገረው፣ ግድግዳውን ሲሰረስር ይሞታል። ለሰፈሩ ይንገሩ አልልዎትም። ለሷ ግን እንዴት አይነግሯትም? ግድግዳው የሷ ነው!"

ጋሽ ቁልፍ አሁን ገባቸው። ለካስ ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁት ገመና የሳቸው አልነበረም፤ የልጃቸው ነበር፤ ባለቤቲቱ ሳታውቀው የተቆለፈበት። እያለቀሱ፣ "ጫማሽን አድርጊ፤ ሐኪሟ ጋ እንሂድ። በአንደበቴ እኔው እነግራታለሁ" አሉ።

ሐኪሟ ሌላ ታማሚ ልታይ ስትነሣ ነው የደረሱት። ጋሽ ቁልፍ አንድም ነገር ሳያስቀሩ ተናገሩ፤ እብጠቱን፣ የራቀውን ከተማ፣ ሆስፒታሉን፣ ቀዩን መድኃኒት፣ ውሸታቸውን። ሐኪሟ የልጅቱን መዝገብ ስባ የተነገራትን ሁሉ ጻፈች።

የነገው ሕክምና ወዲያው ታገደ። የልጅቱ ልብም እንደገና፣ በዚህ ጊዜ በልብ ሐኪም፣ በጥንቃቄ ታየ። ከጥንቱ ሆስፒታል ጋር ተነጋግረው ምን ያህል እንደወሰደች አጣሩ። ሁሉም ሲሰበሰብ ሐኪሟ ጠራቻቸውና እንዲህ አለች።

"ልቧ ከሚገባው ትንሽ ደክሟል። ታሪኳን ሳናውቅ አይተነው 'ደህና ነው' ብለን ነበር፤ ሳንፈራ ሙሉውን ቀይ መድኃኒት ልንሰጣት ነበር። በልጅነቷ ከወሰደችው ጋር ሲደመር ከልኩ ያልፋል። ካንሰሩን ምናልባት እናጠፋው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ደረጃ መውጣት አቅቷት፣ እግሯ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯት ትመጣልን ነበር። እኛም 'ምን ነካት?' እንል ነበር።"

"አሁንስ?" አሉ ጋሽ ቁልፍ።

"አሁንማ አወቅን። ቀዩን ትተን ለሷ ዓይነት ካንሰር ጥሩ የሚሠሩ ሌሎች መድኃኒቶች እንሰጣታለን። ልቧንም የልብ ሐኪሙ ይከታተላል፤ ከዳነችም በኋላ በየጊዜው ይታያል፤ ከደከመ ቀድመን እንደርስበታለን። ላርግዝ ብላ ብታስብ እንኳ አስቀድመን ልቧን እናይላታለን። ይህ ሁሉ የሚሆነው ስለተናገሩ ነው። ደግሞ ቀዩን መድኃኒት እንዳይረግሙት። በሰባት ዓመቷ ያተረፋት እሱ ነው፤ ዛሬም እዚህ ለብዙ ሰው እየሰጠነው ይድንበታል። መድኃኒቱ አልበደላትም። እሱ ልክ አለው፤ ልኩን የምናውቀው ግን ሰው ሲነግረን ነው።"

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ወሬ ፈርተህ ሕመምህን ከሰፈር ብትደብቅ ማንም አይፈርድብህም። ከሐኪም ደብቀህ ግን "እግዜር ያውቃል" ብትል፣ እግዜር ማወቁን ያውቃል፤ ማዘዣ የሚጽፈው ግን ሐኪሙ ነው። ለልጁም "ሕፃን ነው፣ አይገባውም" ብሎ የደበቀ ወላጅ፣ ልጁ አድጎ አንድ ቀን ብቻውን ሐኪም ፊት እንደሚቀመጥ ያስብ። ስለ ገዛ አካሉ ሲጠየቅ የሚመልሰው የተነገረውን ነው።

ልጅቱ በዚያ ሁሉ መሃል ለአባቷ አንድ ቃል አልተናገረቻቸውም። "ውኃ" ስትል እንኳ ለባሏ ነበር የምትለው። እሳቸውም አልተጫኗትም፤ እየሄዱ ኮሪደሩ ላይ ይቀመጡ ነበር።

አዲሱ ሕክምና በተጀመረ ቀን አባትየው ገብተው አጠገቧ እንዲቀመጡ በእጇ ምልክት አሳየቻቸው። ክፍሉ ሰፊ ነው፤ ታማሚዎች በተርታ ወንበሮች ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከሷ ራስጌ የተሰቀለው መድኃኒት እንደ ውኃ ኩልል ብሎ ይንጠባጠባል። ከጎኗ አንዲት የመጀመሪያ ቀኗ የሆነ ሴት፣ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ትንሰቀሰቃለች። ነርሷ ልታባብላት ብትሞክር፣ "ተዪኝ እህቴ፣ ከዚህ የዳነ ሰው አይቼ አላውቅም" አለቻት።

ልጅቱ ይህን ስትሰማ ወደ አባቷ ዞረች። ዓይኗ ውስጥ ቁጣው አልጠፋም ነበር።

"እኔም እንደሷ ነበርኩ" አለች ቀስ ብላ። "ካንሰር ነው ከተባልኩ ጀምሮ አንድ የዳነ ሰው ብቻ አሳየኝ እያልኩ ስጸልይ ነበር። አንድ ሰው! ለአንተም ነግሬህ አልነበር? 'አባዬ፣ ከዚህ የዳነ ታውቃለህ ወይ?' ብዬህ ነበር። ያቺ የዳነችው ሰው እኔ ነበርኩ። አባዬ፣ እሷን ነው ከኔ የደበቅካት።"

ጋሽ ቁልፍ ይህን አላሰቡትም ነበር። በልብዋ ላይ ሊያደርሱ የነበረውን ጉዳት ሌት ተቀን ሲያስቡ ከርመዋል፤ ተስፋዋን እንደ ሰረቋት ግን ያወቁት አሁን ነው። እጇን ያዙ፤ እሷም አልነጠቀቻቸውም። የአጠገቧ ሴት ለቅሶ እየበረታ ሄደ። እሳቸውም ወደ ልጃቸው ጎንበስ ብለው፣ በሹክሹክታ፣ እንደ ትንሽ ልጅ ፈቃድ ጠየቁ።

"ልንገራት?"

ልጅቱ እንባዋን ጠርጋ ራሷን ነቀነቀች። "ንገራት" አለች።

ጋሽ ቁልፍ ወንበራቸውን ወደማያውቋት ሴት አዞሩና፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማቸው፣ "አይዞሽ እናቴ" አሉ። "ይህቺ ልጄ በሰባት ዓመቷ ካንሰር ይዟት ነበር።"